«ፋብሪካው ይቅደም፣ ትምህርቱ ይደርሳል» ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። እኔም ዘንድ ከየአቅጣጫው ደረሰ። መጀመሪያ ላልፈው ነበር ያሰብኩት፤ «ልክ ብለዋል!» የሚለው ሰው እየበዛ ሲሄድ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ሐሳቡ ባጭሩ ይኸው ነው። ኢትዮጵያ በዓለም ገበያ ተወዳዳሪ መሆን ከፈለገች ለትምህርት የምታወጣውን ቀንሳ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ወደ መንገድና ወደ መብራት ታዙረው። ተመራቂ ሞልቶናል፣ የጠፋው ሥራ ነው። ትልቁ ካርዳችን ርካሽ ጉልበት ነው። ኮሪያ ከእኛ በታች ነበረች፣ ፋብሪካ ገንብታ ጥላን ሄደች። ብሩም በገበያ ዋጋ መመንዘር ስለጀመረ ጊዜው አሁን ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ስለተስተካከለ የትምህርት ጥራት ብዙ አያሳስብም፣ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ጽሑፋቸው ይነበባል፣ አይንዛዛም። የምስማማበትም አለ፣ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ። ዋናው ሐሳባቸው ግን ከሥሩ የተሳሳተ ይመስለኛል። ትምህርትንና ኢንቨስትመንትን ለአንዱ ሲጨመር ከሌላው የሚቀነስ አድርገው ነው ያስቀመጧቸው። ባለሀብቱን የሚያቆየው ግን ሼዱ፣ ማለትም የፋብሪካው አዳራሽ፣ አይደለም፣ ሼዱ ውስጥ ያለው ሰው የሚችለው ሥራ ነው።

ከርካሽ ጉልበቱ ልጀምር፣ ዋናው ጉዳይ እዚያ ስላለ።

ርካሽ መሆናችን እውነት ነው። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲው ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጀማሪ ልብስ ሰፊ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። የባንግላዴሽ በዚያው ጊዜ 95 ዶላር። በጸሐፊው ሒሳብ ከሆነ የዓለም ልብስ ሰፊ ሁሉ ዳካን ጥሎ ሐዋሳ መስፈር ነበረበት። አልሰፈረም። ለምን? መልሱ እዚያው ጥናት ውስጥ አለ፦ ፋብሪካዎቹ በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይቀይሩ ነበር። ምርታማነቱም ዝቅተኛ ነበር።

ይሄ የሚያስገርም አይደለም። ልጅቷ ከገጠር ትመጣለች፣ ከሦስት ከአራት ጓደኞቿ ጋር ሆና አንዲት ክፍል ትከራያለች፣ ከቤት ኪራዩና ከምግቡ በኋላ ለእናቷ የምትልከው ነገር አይተርፋትም። ማሽኑን በወጉ መልመድ ስትጀምር ትታው ትሄዳለች። ፋብሪካው ሌላ ልጅ ይቀጥራል፣ ሥልጠናው እንደገና ከሀ ይጀመራል። ይህ ወጪ ደመወዝ መዝገብ ላይ ስለማይታይ ነው «ርካሽ» የምንባለው።

አንድ ነገር ደግሞ ቀረብ ብለን እንይ። ልብስ ፋብሪካ ውስጥ መርፌ ሲሰበር ቀልድ የለም። ስባሪው ልብሱ ውስጥ ቀርቶ ውጭ አገር ያለ ሕፃን ቢወጋ ፋብሪካው ደንበኛውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ሰፊዋ ማሽኑን ታቆማለች። ስባሪዎቹ አንድ በአንድ ይለቀማሉ፣ ካስፈለገም በማግኔት ይፈለጋሉ። ተለቅመው ሲያልቁ ተገጣጥመው መዝገብ ላይ በፕላስተር ይለጠፋሉ፣ ሰዓቱ፣ የማሽኑ ቁጥር፣ የትኛው ልብስ ላይ እንደነበረ ይጻፋል። አዲስ መርፌ የሚሰጠው ይህ ሁሉ ሲሟላ ብቻ ነው። እኔ ጥራት ክፍል በነበርኩበት ፋብሪካ ይህንን መዝገብ የሚሞላው ሱፐርቫይዘሩ ነበር፤ ከሰፊዎቹ መካከል ፎርሙን አንብባ፣ የቱ ሳጥን ውስጥ ምን እንደሚጻፍ ለይታ የምትሞላ ጥቂት ስለነበረች ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች ናቸው እንግዲህ! ሱፐርቫይዘሩ ሌላኛው ጫፍ ላይ ከሆነ ልጅቷ እጇን አጣምራ ትጠብቀዋለች። ከእሷ ቀጥላ ያለችውም ሥራ ስለማይደርሳት ትጠብቃለች። ትንሽ ሲቆይ መስመሩ በሙሉ ይቆማል። ከዚያ ማታ ስብሰባ ላይ «ታርጌት ለምን አልተመታም?» ይባላል።

ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም፣ ይሄ ይሰመርበት። እጃቸው ፈጣን ነው፣ አንዴ ያሳዩአቸውን አይረሱም። የጎደላቸው ሁለተኛ ሦስተኛ ክፍል ላይ ማግኘት የነበረባቸው ነገር ነው።

የሐዋሳ ፓርክ ራሱ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ በዘጠኝ ወር ተገንብቶ ያለቀ፣ 52 ሼድ ያለው፣ ለ60 ሺህ ሰው ሥራ ይፈጥራል የተባለለት ነበር። በግንባታው ማንም አይወቅሰንም። ከዚያ ኅዳር 2014 ላይ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች እዚያ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አሳወቀ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ዕቃን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ ተሰረዘች። ምክንያቱ የሰሜኑ ጦርነት ነው፣ የሠራተኛው ችሎታ አይደለም፤ ይህንን አላድበሰብስም። ግን ለርካሽ ጉልበትና ከቀረጥ ነፃ ለሆነ ገበያ ብቻ የመጣ ድርጅት፣ ቀረጡ ሲመለስበት የሚያቆየው ሌላ ምን ነገር ነበረው? ሻንጣውን ሸክፎ ሄደ። የቬትናም ሠራተኛ ከእኛው ብዙ እጥፍ ይከፈለዋል፣ ሳምሰንግ ግን እዚያው ቬትናም፣ ባክ ኒን የሚባል ግዛት ላይ ፋብሪካ ከከፈተ ወዲህ እያሰፋ ነው የሄደው። እ.ኤ.አ. በ2012 ፒሳ በሚባለው ዓለም አቀፍ ፈተና የቬትናም የ15 ዓመት ተማሪዎች በሒሳብ ከአሜሪካና ከእንግሊዝ እኩዮቻቸው በላይ ነበር ያመጡት። እነዚያ ልጆች ዛሬ ሠራተኞች ናቸው።

ወደ ኮሪያ እንሂድ።

ይሄ «ኮሪያ ከእኛ በታች ነበረች» የሚለው ነገር መቼ እንደሚለቀን እንጃ። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ሲዘምት አገሪቱ ፍርስራሽ ነበረች፣ አዎ። ደሃ ነበረች፣ አዎ። ጸሐፊው የዘለሉት ግን ፋብሪካው ከመምጣቱ በፊት የሆነውን ነው። ኮሪያ ከጦርነቱ ዋዜማ ጀምሮ የመሬት ሥሪቷን ቀይራለች፣ ጭሰኛው ባለመሬት ሆነ፣ ልጁን የማስተማር አቅም አገኘ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ግዴታ ሆነ። እ.ኤ.አ. 1960 አካባቢ ለትምህርት የደረሰ ልጅ ሁሉ ማለት ይቻላል ክፍል ውስጥ ነበር። የኮሪያው መሪ ፓርክ ቹንግ ሂ ሥልጣን የያዙት እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ ያ ዝነኛው የኤክስፖርት ዘመቻ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፋብሪካው ሲከፈት ማንበብ የሚችለው ወጣት ቀድሞ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

እኛስ ጋ? በ1966 አብዮቱ ሲፈነዳ ከአሥር ሰው ዘጠኙ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው የመጣው በ1971 ነው። ስለዚህ ኮሪያን ምሳሌ የሚያደርግ ሰው «ፋብሪካው ይቅደም» ሊል አይችልም፤ ኮሪያ የምትመሰክረው በተቃራኒው ነው።

ኮሪያን ካነሳን አይቀር ከእሷ ጋር የተያያዘች፣ እኔ በጣም የምወዳት ሌላ ታሪክ አለች። እ.ኤ.አ. በ1979 ዴሽ የሚባል አንድ የባንግላዴሽ ድርጅት ከኮሪያው ዴዉ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ 130 ያህል ሠራተኞቹን ለሥልጠና ወደ ፑሳን ላከ። እዚያ ለወራት ስፌቱን፣ አቆራረጡን፣ የጥራት ቁጥጥሩን፣ ዕቃ አላላኩን፣ ገበያ አፈላለጉን ተማሩ። ተመልሰው ሥራ ጀመሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኞቹ ዴሽን ትተው የራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ ወይም ሌላ ፋብሪካ የሚያቋቁም ሰው ጋ ተቀጠሩ። ዴሽ ተጎድቷል፣ አገሪቱ ግን አንድ ኢንዱስትሪ አገኘች። የዛሬው የባንግላዴሽ የልብስ ንግድ ከቻይና ቀጥሎ ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ነው። አሁን ይሄ ትምህርት ነው ወይስ ኢንቨስትመንት? እኔ መለየት አልችልም፣ ጸሐፊውም የሚችሉ አይመስለኝም።

እና ስለ ሐዋሳ ስንጠይቅ «ስንት ሼድ ተከራየ?» ከማለት ይልቅ «እዚያ ሠርተው ከወጡት መካከል ስንቱ የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ?» ብንል ይሻላል። የምስራቹ፣ የተወሰኑት ከፍተዋል። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚሰፉ፣ የሥራ ልብስ ጨረታ የሚወዳደሩ አውቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሱፐርቫይዘር ወይም መካኒክ የነበሩ ናቸው።

«ተመራቂ ሞልቶናል» የሚለው ላይ በግማሽ ልስማማ።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ «70 በ30» ተብሎ ከመቶ ተማሪ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ሲባል ላቦራቶሪው፣ ወርክሾፑና መምህሩ አብረው አልመጡም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው። ብረት የሚቀርጸውን ሌዝ ማሽን በሥዕል ብቻ አይቶ በሜካኒካል ምህንድስና የተመረቀ ልጅ ጥፋቱ የራሱ አይደለም፤ ፋብሪካው ግን ሊቀጥረው አይፈልግም። ስለዚህ አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ይዋሃድ፣ አንዳንዱ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይቀየር ቢሉ እጄን አወጣለሁ።

እሳቸው ግን ከዚህ ተነስተው «ትምህርት በዝቷል» የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ። ኧረ የቱ ትምህርት? የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የሰው ሀብት መለኪያ መሠረት አንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ በአማካይ 7.8 ዓመት ትምህርት ቤት ይቆያል ተብሎ ይጠበቃል። የሚማረው ነገር ሲመዘን ግን 4.3 ዓመት ብቻ ይሆናል። ሦስት ዓመት ተኩል ደብተር ተይዞ ተኪዶ የትም ያልተደረሰበት ጊዜ ነው። ያው ባንክ አሥር ዓመት ከሞላቸው ልጆቻችን 90 በመቶው ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም ይላል። ዘጠና በመቶ! የመርፌውን መዝገብ አስታውሱ፤ የአሥር ዓመቷ ልጅ ናት ከስምንት ዓመት በኋላ ማሽኑ ላይ የምትቀመጠው።

እና ገንዘቡ መዞር ካለበት፣ ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው ይዙር እንጂ ከትምህርት ወደ ሲሚንቶ አይደለም። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያለውን መምህር ተመልከቱት። በ2018 መግቢያ የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ሲጨመር የዲግሪ ጀማሪ መነሻ ወደ 11,500 ብር ደርሷል፣ ከዚያ በፊት ሰባት ሺህ አይሞላም ነበር። ያ መምህር ከክፍል ወጥቶ ባጃጅ ይነዳል፣ ወይ ሱቅ ይጠብቃል። ሰባ ሰማንያ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ የትኛው ልጅ «ለ»ን ከ«ሰ» እንዳልለየ የሚያውቅበት ጊዜም ጉልበትም የለውም። ተማሪው ይዘዋወራል፣ ይዘዋወራል፣ አሥረኛ ይደርሳል።

የብሩን ነገር ቶሎ ልለፈው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲተው ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። ላኪው ተጠቅሟል። በ2017 በጀት ዓመት ቡናው ብቻ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፣ ወርቁም እንደዚያው ተንቀሳቅሷል። ደስ ይላል። ግን ቡናው ባብዛኛው ጥሬውን ነው የሚሄደው፣ ወርቁም ከመሬት ወጥቶ ነው። ጨርቁን፣ ክሩን፣ ቁልፉን፣ ዚፑን፣ የማሽን መለዋወጫውን በዶላር የሚገዛ ልብስ ሰፊ ፋብሪካ ከብሩ መውደቅ የሚያተርፈው በአገር ውስጥ የሚጨምረው ዋጋ ላይ ብቻ ነው። ያ ደግሞ ዞሮ ዞሮ የሰው እጅና ጭንቅላት ነው። የሠራተኛዋ ጤፍና ዘይትም አብሮ ስለተወደደ «ረከስን» ብሎ መደሰቱ ለማን እንደሆነ አልገባኝም።

ፈተናው ተስተካክሏል ያሉት ልክ ናቸው። ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው መፈተን ከጀመሩ ወዲህ ኩረጃው ቀንሷል፣ ይህንን ያደረጉ ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል። ውጤቱ ግን ምን አሳየን? የ2014 ተፈታኞች ወደ 900 ሺህ ይጠጋሉ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,100 በላይ ነበሩ። በ2017 ያለፉት 8.4 በመቶ ደርሰዋል፤ መሻሻል ነው፣ አልክድም። ይሁንና አሁንም የወደቁት ከመቶ ዘጠና አንድ በላይ ናቸው። ጸሐፊው ስላለፉት ሲያወሩ እነዚህን ረስተዋቸዋል። ፋብሪካ የሚገቡት፣ ሱቅ የሚከፍቱት፣ ወደ አረብ አገር የሚሄዱት እነሱ ናቸው። የኢኮኖሚው አቅም የሚለካው ባብዛኛው በእነሱ ነው። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጁን «የወደቀ ሰው የሚገባበት» አድርገን ማየታችን ሳያንስ፣ ማሠልጠኛ ማሽኑ ፋብሪካው ከተወው ብዙ ዓመት የሆነው ሞዴል የሆነበት ቦታ ሞልቷል። ሠልጥኖ የወጣው ልጅ ፋብሪካ ሲገባ ክር ማስገባት እንኳ እንደ አዲስ ይማራል።

መንገድና መብራት ይቅደም የሚለውስ? መንገዱም መብራቱም ያስፈልጋል፣ ማን ጠላው። ሕዳሴ ግድብ ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋ ዋት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን መብራቱ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ቀድሞ ማን ተሰለፈ? ቢትኮይን የሚባለውን የኢንተርኔት ገንዘብ የሚያመርቱት። ኮንቴይነር ሙሉ ኮምፒውተር ደርድረው ኃይሉን በዶላር ይገዛሉ። ለመብራት ኃይል ገቢ ነው፣ አልቃወምም። የሚቀጥሩት ሰው ግን በጣም ጥቂት ነው፣ ተምሮባቸው የሚወጣ ሰውም ያንኑ ያህል ነው። ሰው ሳይዘጋጅ መሠረተ ልማቱ ብቻ ሲቀድም የሚመጣው ሰው የማይፈልግ ባለሀብት ነው።

በሌላ በኩል የውጭ ባለሀብት ስለ ጉምሩክ፣ ስለ መሬት፣ በየወረዳው ስለሚቀያየር መመሪያና ስለ ፀጥታ የሚያማርረውን ጸሐፊው በደንብ ነው ያነሱት። እዚያ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ጽሑፉን የዘጉት «በትምህርት ተወዳዳሪ የሆነ የኢትዮጵያ ድርጅት አሳዩኝ» ብለው ነው። ይሄማ ቀላል ነው፣ ቦሌ ይሂዱ። አየር መንገዱ በ1938 ሲቋቋም አውሮፕላኑን የሚያበረው፣ የሚጠግነው፣ ሒሳቡን የሚይዘው የአሜሪካው አየር መንገድ የቲደብሊውኤ ሰው ነበር። ውሉ ግን ኢትዮጵያውያን እየሠለጠኑ እንዲተኩ የሚል ነበረ፣ ተተኩም። በንጉሡ ዘመን የራሱን የአብራሪና የቴክኒሻን ማሠልጠኛ ከፈተ፣ በደርግም በኢሕአዴግም ጊዜ አልዘጋውም፣ ዛሬ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ሠልጣኞችን ያስተምራል። አውሮፕላኑን ቦይንግ ለማንም ይሸጣል። ያንን የጥገና ሀንጋር የሚሞላውን ሰው ግን ከማንም መግዛት አይቻልም።

ይሄ ለአየር መንገድ ብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም። የኢንቨስትመንት አዋጁ 1180/2012 የውጭ ባለሙያ የሚቀጥር ባለሀብት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ኢትዮጵያዊ አሠልጥኖ እንዲተካ ያስገድዳል። ሕጉ አለ። በተግባር ግን እኔ ባየሁት የሥራ ፈቃዱ ሲታደስ የሚጠየቀው ፎቶ፣ ክፍያና ደብዳቤ ነው። እዚያ መስኮት ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመር፦ «ባለፈው ዓመት ይህንን ሥራ ማንን አስተማርክ? ልጁ የታለ?» መልስ ያለው ይታደስለት፣ የግብር እፎይታውም ይራዘምለት። መልስ የሌለው ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት ግብሩን ይክፈልና ገንዘቡ በአቅራቢያው ላለው የሙያ ኮሌጅ አዲስ ማሽን ይግዛ።